«ሱቁስ ስንት ነው?»



ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ጎልማሳ ሰው ወደ ባልትና ሱቄ ገባ። ሁለት ኪሎ በርበሬና አንድ ኪሎ ምጥን ሽሮ አስመዝኖ ከፈለ። መልሱን ተቀብሎ የሚሄድ መስሎኝ ፊቴን ሳዞር «ሲስተር፣ ሱቁስ ስንት ነው?» አለኝ። ኪራዩን የጠየቀኝ መስሎኝ ቤቱ የራሴ እንደሆነ ነገርኩት። «ኪራይ አይደለም፤ ሥራውን ከነስሙ፣ ከነወፍጮው፣ ከነሠራተኞቹ ልግዛዎት ብዬ ነው» አለና አንድ ቁጥር ጠራ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ልጄ ይህን ጋዜጣ ስለሚያነብ ካወቀው እንደገና የቤተሰብ ስብሰባ ይጠራል።

ብቻ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። በ37 ዓመት የነርስነት ሥራዬ የተከፈለኝ ደመወዝ ሁሉ ተደምሮ አይደርስበትም። «ልጄ፣ አስቤበት እነግርሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት። በልቤ ግን መልሱን እዚያው አውቀው ነበር፤ አልሸጥም።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ስለዚህ «አልሸጥም» ስለሚለው ቃል ነው። በእኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች በገዛ እጃችን ያቆምነውን ሥራ አንሸጥም ስንል ልጆቻችን ግትርነት ይመስላቸዋል። እኛ ደግሞ ፍቅር ነው እንላለን። እኔ በሁለቱም በኩል አልፌ አይቼዋለሁና ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሥራው የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው። በአንድ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል እሠራ ነበር። የማታ ተረኛ ስሆን ምሳ ዕቃዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ከባልደረቦቼ ጋር አብረን እንበላለን። «ይህን ሽሮ ከየት ነው የምታመጪው?» ይሉኛል። «ከየትም አይደለም፤ እናቴ እንዳስተማረችኝ ራሴ ነው የማዘጋጀው» እላለሁ። አንዷ አንድ ኪሎ አዘዘችኝ። በወሩ አምስት ኪሎ፣ በዓመቱ የሆስፒታሉ ግማሽ ሠራተኛ ደንበኛዬ ሆነ።

በርበሬ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ዛላው ይለቀማል፣ ይቀነጠሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል። ተሸፍኖ ይሰነብትና እንደገና ይሰጣል። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ድምብላሉ ለየብቻ ታምሶ ይገባበትና ወደ ወፍጮ ይሄዳል። ከሌሊት ሥራ ገብቼ ሁለት ሰዓት ተኝቼ ስነሣ ጓሮዬ በቀይ ዛላ ተሸፍኖ ሳይ ድካሜ ይጠፋ ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በአጥራችን በኩል ወደ መንገዱ በር ከፈተልኝ። የሱቁን ስም በቆርቆሮ ላይ የጻፈውም እሱ ነው። በ2004 ዓ.ም. ያገለገለ ወፍጮ ገዛን።

ሱቁ ሱቅ ብቻ አልነበረም። የአራስ ገንፎ ዱቄት ልትገዛ የመጣች እናት ስለ ጡት ማጥባት ጠይቃኝ ትሄዳለች። ልጇ ስድስት ወር ሳይሞላው የሕፃን ዱቄት የጠየቀችኝን «ቀኑ ሲደርስ ነይ፤ እስከዚያ ጡትሽ ይበቃዋል» ብዬ ባዶ እጇን እመልሳታለሁ። የደም ግፊት ላለባቸው ደንበኞቼ ጨው የሌለበት በርበሬ አዘጋጅላቸዋለሁ። የግፊት መለኪያዬ ከሚዛኑ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጥቼ ነጭ ጋዎኔን ባጣጠፍኩበት ሰኞ እንኳ ቤት አልዋልኩም። በነጋታውም «ሲስተር» የሚለኝ ሰው ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያጽናና ያውቃል።

እንግዲህ ፍቅሩ ከዚህ የመጣ ነው። አሁን ደግሞ ፍቅሩ ያስከፈለኝን ልንገራችሁ።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ያለችው ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ቪዛዬ ተመቷል፤ ትኬቱንም ወንድሟ ሊቆርጥልኝ ተዘጋጅቷል። እኔ ግን አዲስ ዓመትና መስቀል የሱቁ ትልቅ ገበያ ነው፣ ያለ እኔ አይሆንም ብዬ ቀረሁ። «ለጥምቀት እመጣለሁ» አልኳት። ለጥምቀትም አልሄድኩም። ለሰው መንገደኛ አምስት ኪሎ የገንፎ ዱቄትና ሦስት ኪሎ በርበሬ አስይዤ ላክሁላት። ዱቄቴ ደረሰ፤ እኔ አልደረስኩም። ስንቱን የሰው ልጅ በእጄ የተቀበልኩ አዋላጅ የገዛ ልጄን አላረስኩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው። ልጄ አልወቀሰችኝም። ስልክ ላይ ዝም ማለቷ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

በዚያም አልተማርኩም። በ2015 ዓ.ም. ከገና ጀምሮ ቅባት ያለው ነገር በበላሁ ቁጥር በቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር ያመኝና ወደ ጀርባዬ ይወጋኝ ጀመር። የሐሞት ጠጠር ሊሆን እንደሚችል አላጣሁትም። ለስንት ሰው «ሕመም አትናቁ» ስል የኖርኩ ሴት ለራሴ ሲሆን «ከፋሲካ በኋላ እታያለሁ» አልኩ፤ ሁዳዴ የሽሮ ገበያ ነዋ! ሁዳዴው ሳይጋመስ ትኩሳትና ማስመለስ ተጨመረበት። ልጄ በሌሊት ሆስፒታል አደረሰኝና በነጋታው ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ዘጠኝ ቀን ተኛሁ።

ከመታመሜ ከአራት ቀን በፊት 80 ኪሎ ዛላ በርበሬ ገዝቼ ነበር። የበልግ ዝናብ ነክቶት ስለነበር በደንብ አልደረቀም፤ ቶሎ ጆንያው ተፈትቶ መሰጣት ነበረበት። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያዋ ሠራተኛዬ ደወለች። ይህች ልጅ 17 ዓመቷ እያለ ነው እኔ ዘንድ የገባችው። በማታ ትምህርቷን ጨርሳ፣ አግብታ፣ ሁለት ልጆች ወልዳለች። «ሲስተር፣ አንደኛው ጆንያ ይሸተኛል፤ ልፍጨው ወይስ ልተወው?» ልትለኝ ነበር። ስልኩን ያነሳው ልጄ ነው፤ እኔ ተኝቻለሁ። «እማዬ እስክትነቃ ጠብቂ» አላት። ጠበቀች። እኔም ስነቃ ስለ በርበሬ ሊነግረኝ አልፈለገም፤ አልፈርድበትም።

ከሆስፒታል ስወጣ ጆንያዎቹን አስከፈትኩ። ዛላው ውስጥ ውስጡን ሻግቷል። የሻጋታ ነገር እንደ ተባይ ተለቅሞ፣ እንደ አቧራ ታጥቦ የሚለቅ አይደለም። በርበሬና ለውዝን በመሳሰሉት ላይ የሚያድገው አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል፤ መርዙ ጉበትን ይጎዳል፤ ስለታመሰ ወይም ስለተቀቀለ አይጠፋም። ስለዚህ 80ውም ኪሎ ተጣለ። ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ 15 ኪሎ ያዘዙ ደንበኛዬም ከሌላ ገዙ።

ሠራተኛዬን ልቆጣ አፌን ስከፍት እሷ ቀድማ አለቀሰች። «ሲስተር፣ የትኛው እንደሚጣል፣ የትኛው እንደሚሰጣ መቼ አሳዩኝና?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። በ17 ዓመት ውስጥ በርበሬ ስታስለቅም፣ ስታስደልዝ፣ ስታስፈጭ ኖራለች። መግዛቱን፣ አሽትቶ መለየቱን፣ ቅመም መመጠኑን ግን ለብቻዬ ይዤዋለሁ። ኮረሪማው ስንት ይግባ ስትለኝ በመዳፌ ዘግኜ «ይኼን ያህል» እላታለሁ። «ብንጽፈውስ?» ስትለኝ «ባልትና በወረቀት አይሠራም» እል ነበር።

ያን ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ37 ዓመት የሥራ ዘመኔ አንድም ቀን ሳልረካከብ ከዋርድ ወጥቼ አላውቅም። ተረኛ ነርስ ቤቷ ቢቃጠል እንኳ ለምትተካት ሳታስረክብ አትሄድም። የትኛው አልጋ ላይ ማን እንዳለ፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ የትኛዋ እናት ደም እንዳይፈሳት መታየት እንዳለባት አንድ በአንድ ተነግሮ፣ ተጽፎ፣ ተፈርሞ ነው የሚወጣው። ርክክብ የሌለበት ዋርድ ሰው ይሞትበታል። በገዛ ቤቴ ግን 17 ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተረካከብኩም።

ለምን? ይህን ጥያቄ ያነሳው ልጄ ነው። ከበሽታዬ በኋላ በተጠራው የቤተሰብ ስብሰባ፣ እህቱ በስልክ እየሰማች፣ «እማዬ፣ የምትወጂው ሱቁን ነው ወይስ መፈለግሽን?» አለኝ። ተቆጣሁ። ስብሰባውን ረግጬ ጓሮ ወጣሁ። ሰው የሚቆጣው ደግሞ እውነቱን ሲነግሩት ነው። ምጥኑን ያልጻፍኩት አውቄ ነው። ከጻፍኩት እኔ ለምን እፈለጋለሁ? «ሲስተር» የሚለኝስ ማን ነው? ፍቅር ነው ስለው የኖርኩት ነገር ግማሹ ፍርሃት ነበር።

ልጄ «ይሸጥ» አለ። ሴት ልጄ ግን ሌላ ነገር ላከችልኝ፤ የአንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ፎቶ። ከረጢቱ ላይ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ቆብ የደፉ ሽማግሌ አሉ። «እማዬ፣ አንቺን የሚመስል ሰው አገኘሁልሽ» ብላ ጽፋለች። ታሪካቸውንም ነገረችኝ።

ሰውየው ቦብ ሙር ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ አጠገብ፣ «ቦብስ ሬድ ሚል» የተባለውን የእህል ወፍጮ ከባለቤታቸው ጋር የከፈቱ ናቸው። ወደዚያ የሄዱት መጽሐፍ ቅዱስን በተጻፈበት ቋንቋ ለማንበብ ሊማሩ ነበር፤ በመንገድ ሲያልፉ የሚሸጥ አሮጌ ወፍጮ አይተው ልባቸው እዚያው ቀረ። እህል የሚፈጩት በድንጋይ ወፍጮ ነው። በ1988 ወፍጮው ተቃጠለባቸው፤ እንደገና አቆሙት። ሥራው አድጎ ሊገዙት የሚፈልጉ ሲበዙም አልሸጡም። ግን ዝም ብለው አልያዙትም። እ.ኤ.አ. በ2010፣ 81 ዓመት በሞላቸው ልደታቸው ቀን፣ ድርጅቱን ለሠራተኞቻቸው ማስተላለፍ እንደጀመሩ ተናገሩ። ሠራተኞቹ ከኪሳቸው ሳይከፍሉ ድርሻ እንዲያገኙ ነው ያደረጉት። በ2020 ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ የሠራተኞቹ ሆነ። እሳቸው በ2024፣ በ94 ዓመታቸው አረፉ።

እኔ የአጥር ሱቅ ያለኝ ሴት ነኝ፤ ከእሳቸው ጋር አልወዳደርም። አንድ ነገር ግን ገባኝ። አለመሸጥና አለመልቀቅ ለየቅል ናቸው። የምትወጂውን ላትሸጪው ትችያለሽ፤ ካላስረከብሽው ግን አብሮሽ ይሞታል።

ከዚያ ወዲህ ያደረግኩትን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

በመጀመሪያ ምጥኑን ጻፍን። እኔ እንደ ልማዴ በመዳፌ እዘግናለሁ፤ ሠራተኛዬ ከመጨመሬ በፊት ሚዛን ላይ ታስቀምጥና ትጽፋለች። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር አየሁ። እጄ እንደ ሚዛን የታመነ ነው ስል ኖሬ፣ ለአንድ ዓይነት መጠን አንድ ቀን 180 ግራም ኮረሪማ፣ ሌላ ቀን 240 ግራም ዘግኛለሁ! አማካዩን ወስደን ደብተር ላይ አሰፈርነው። ከዛላው ጋርም እንዲሁ አደረግን። መሐሉን ሰብሮ ማየት፣ ማሽተት፣ ዘሩ ሲናወጥ መንኳኳቱን መስማት፤ ካልተንኳኳ አለመግዛት፤ ከሻገተ «ልጠይቅ» ሳይባል መጣል። ይህን የመወሰን ሥልጣን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ሰጠኋት።

ሁለተኛው የገንዘቡ ነው። የሱቁ ብርና የእኔ ቦርሳ አንድ ነበር። ለቀብርም፣ ለዕቁብም፣ ለልጅ ልጅ ጫማም ከመሳቢያው አነሳ ነበር። አሁን የሱቁ የባንክ ሒሳብ ለብቻው ነው፤ እኔም በወር የተወሰነ ደመወዝ እቀበላለሁ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ነገር ግን ሱቁ ያተርፍ አያተርፍ እንደሆነ በ17 ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሦስተኛው መራቅን መለማመድ ነው። ለአንድ ሳምንት ደብረ ብርሃን እህቴ ዘንድ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን አምስት ጊዜ ደወልኩ። በሁለተኛው ቀን እህቴ ስልኬን ደበቀችብኝ። ሳምንቱን ጨርሼ ስመለስ ሱቁ ነበረበት ቦታ ቆሞ ጠበቀኝ።

አራተኛው የሕጉ ነው፤ እዚህ ላይ እኔ ነርስ ስለሆንኩ ሕግ አዋቂ እንድታማክሩ እመክራለሁ። ንግድ ፈቃዱ በእኔ ስም ብቻ ነበር፤ አንድ ነገር ብሆን ልጆቼና ሠራተኛዬ በፍርድ ቤት ደጅ ይገናኙ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውንም ቢሆን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። እኛ ግን ሦስት ሆነን አቋቋምን፤ እኔ፣ ልጄና ሠራተኛዬ። የእሷ ድርሻ ሩብ ነው። አልሸጥኩላትም፤ በ17 ዓመት ከፍላበታለች። ሴት ልጄን ብጠይቃት «በርበሬዬን ካልረሳችሁ ይበቃኛል» አለችኝ። ኑዛዜዬንም ጻፍኩ። በገዛ እጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑንም በግልጽ መናገር እንዳለበት ብዙ ሰው አያውቅም። ሌላ ሰው ጽፎላችሁ መፈረም ብቻ አይበቃም፤ ለዚያኛው ዓይነት ኑዛዜ የምስክሮቹ ሥርዓት ሌላ ነው።

ይህን ስል መሸጥ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ልጆቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ «ይህን ሥራ ትፈልጉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የማይፈልጉ ከሆነ፣ የምታስረክቡት ሠራተኛም ከሌለ፣ ጤናችሁ ሳይጓደል ሽጡት። ባለቤቱ ታሞ ደንበኛው ከተበተነ በኋላ የሚገኘው የወፍጮው ብረት ዋጋ ብቻ ነው። ልጆችም አንድ ነገር ስሙኝ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን «ሽጡትና ተገላገሉ» ከማለታችሁ በፊት፣ ከሸጡት በኋላ በነጋታው ጠዋት የት እንደሚውሉ፣ ማን በስማቸው እንደሚጠራቸው አስቡላቸው።

ለገዢው ሰው መልሴን ባለፈው ቅዳሜ ነገርኩት። «ሱቁ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ልሸጠው አልችልም» አልኩት። ሲናገሩት ደስ የሚል መልስ ነው። ሰውየው ሳቀና ሁለት ኪሎ በርበሬ ገዝቶ ሄደ።

ያ በርበሬ ሙሉ በሙሉ የሠራተኛዬ ሥራ ነው። ገበያ ወጥታ ዛላውን የመረጠችው፣ ቅመሙን የመጠነችው፣ ያስፈጨችው እሷ ናት፤ እኔ እጄን አላስገባሁም። ከእኔ ይሻላል አልልም፤ ይህን ለማለት ገና አልበሰልኩም። ግን ወር ሙሉ ሲሸጥ ከደንበኞቼ አንድም ሰው ልዩነቱን አላወቀም። ደስ አለኝ። ትንሽም ቅር አለኝ።

ልጄ ሁለተኛዋን ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። ትኬቴ ተቆርጧል፤ የምሄደው በነሐሴ መጨረሻ ነው። አዲስ ዓመትም መስቀልም እዚህ የለሁም። የሱቁን ቁልፍ ትናንት አስረክቤ ደብተሩ ላይ ተፈራርመናል። ሻንጣዬ ውስጥ የገንፎ ዱቄት አለ፤ በዚህኛው ጊዜ አገንፍቼ የማበላት ራሴ ነኝ።

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት።